ብርቱካናማዋ ነጥብ

መዶሻን ኮምፒውተር ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ይህን ከወዲሁ የምናገረው በኋላ አንዱ ተነስቶ ባለሙያው ነው ያስተማራት እንዳይል ብዬ ነው። ባለሙያው የመጣው ዕቃውን ከካርቶኑ አውጥቶ፣ ገመዱን ሰክቶ፣ ሻይ ጠጥቶ ለመሄድ ነበር። ጠጥቶም ሄደ።

መዶሻ ቅጽል ስሟ ነው። በመጋዘን ድርጅታችን ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ላይ ተቀምጣ ያረጀች ሴት ነበረች፤ ቁልፎቹን የምትመታቸው የበደሏት ይመስል ነበር። ታች መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ የሚደረድሩት ሰዎች ሳይቀሩ ሥራ መግባቷን የሚያውቁት በድምፁ ነው። የጻፈችውን ወረቀት ወደ መስኮት አንስታችሁ ብታዩት አራት ነጥቦቹ ሁሉ ተበስተዋል፤ ብርሃን ያሳልፋሉ። ፊት ለፊቷ «እትዬ» እንላታለን፤ ዘወር ስትል መዶሻ ናት። ቅጽሉን ሰምታዋለች፤ እንዳልሰማች ትሆናለች። እንዳልሰማ መሆን ትችልበታለች፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

የምትኖረው ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ድርጅቱ ለሠራተኞች ካሠራቸው ክፍሎች በአንዷ ውስጥ ነው። አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ ሁለት አልጋ። መስኮቱ የሚከፈተው ወደ ጭነት መኪናዎቹ ማቆሚያ ስለሆነ ከፍተውት ጭሱን ይስባሉ፣ ዘግተውት ይታፈናሉ። ትልቁ አልጋ ላይ እናቷ ተኝተዋል። ከወገባቸው በታች አይንቀሳቀሱም፤ ምላሳቸው ግን ሌላው አካል ያጣውን ሁሉ ተክቶላቸዋል። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ብሄድ፣ እዚያው ልጃቸው ሻይ እያፈላች፣ «ይቺን የወለድኩ ቀን ጣሪያችን አፈሰሰ፤ ከሁለቱ የትኛው የባሰ ጉዳት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልለየሁም» አሉኝ። መዶሻ ሻዩን ቀዳች፤ ስኳሩን አማሰለች፤ ለእናቷ እየነፋች በማንኪያ አጠጣቻቸው።

ክፍሏ የድርጅቱ ናት። ሥራው እስካለ ክፍሏ አለች፤ ሥራው ሲሄድ ክፍሏም ትሄዳለች። ከሥራ የተሰናበተ ሰው ዕቃ ወጥቶ የሚቀመጠው ጭነት የሚወርድበት መድረክ ላይ ነው። የአንድ ጥበቃ ፍራሽ እዚያ ላይ ዝናብ ጠጥቶ ሲያብጥ ሁላችንም አይተናል። መዶሻ በየጠዋቱ ወደ ሥራ ስትመጣ የምታልፈው በዚያ መድረክ ሥር ነው። ስለዚህ የፈራችው ምን እንደሆነ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም ነበር።

ከዚያ ኮምፒውተሮቹ መጡ። የጽሕፈት መኪናዎቹ ተሰብስበው የአሮጌ ዕቃ ክፍል ገቡ። ሥራ አስኪያጃችንም ሰብስቦን፣ ከሥልጠናው በኋላ ሁሉንም እራሱ እንደሚፈትን፣ ያልቻለ ደግሞ እንደሚሰናበት ነገረን። ሁሉንም ሲል መዶሻን ማለቱ ነው። ሌሎቻችን ኮምፒውተር ነክተን እናውቃለን። ሾፌሩ ሚስት ካገባ ወዲህ ቤት እንደሚፈልግና ሥራ አስኪያጁም ቃል እንደገባለት ደግሞ ከዘበኛ እስከ ጸሐፊ የማያውቅ አልነበረም።

ሥራ አስኪያጁን አንቱ እንድለው የሚጠብቅ አንባቢ ካለ ይቅር ይበለኝ፤ አፌ እሺ አይለኝም። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ገና ወጣት ነው። ዋና ዳይሬክተሯ ከዋናው መሥሪያ ቤት ስትደውልለት ከወንበሩ ይነሳል፤ ቀበቶውን ያስተካክላል፤ ለስልኩ ጎንበስ ይላል። ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ሆኖ እንኳ ስሟን ያለ «ክብርት» ሲጠራ የሰማው የለም። እኛ መዝገብ ቤት ተሰብስበን ጎንበስ ሲል እያስመሰልን እንስቅ ነበር። ያ ልማድ ምን ዓይነት ጋሻ እንደሆነ ያኔ አልታየንም።

መዶሻ የመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተሩ ፊት ስትቀመጥ የጽሕፈት መኪናዋን የምታለብሰውን ጨርቅ ይዛ መጥታ ነበር። አጥፋ ጭኗ ላይ አደረገችው። መጻፍ ጀመረች፤ ኪቦርዱ ጠረጴዛው ላይ ይዘላል። መስመሩ ማለቂያው ላይ ሲደርስ ግን እጇ የጽሕፈት መኪናው ላይ የለመደውን አደረገ፤ ግራ እጇ ተነስቶ የስክሪኑን ጠርዝ ወደ ቀኝ ገፋው። ቀጣዩ መስመር ሲያልቅ እንደገና ገፋው። ምሳ ሰዓት ላይ ስክሪኑ ግድግዳውን ያያል፤ መዶሻ አንገቷን አጣማ ትከተለዋለች። የንብረት ክፍል ኃላፊው ሰው ጠርቶ አሳየ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን አውጥቶ ቀረጻት። አንዴ ብቻ አልበቃ ብሎት «እስቲ ድገሚው» አላት። ደገመችው። ሳቁ በእሷ እንደሆነ ሳታውቅ አይመስላችሁ።

በማግስቱ ምሳዬን ይዤ የሥራ ክፍሏ ገባሁ፤ በሩን ዘጋሁ። አንጀቴን በልታው ነበር። ደግሞም እውነቱን ለመናገር ሥራ አስኪያጁ እንዲያፍር ፈልጌ ነበር። ዳቦዬን ቆርሼ ግማሹን ሰጠኋት፤ አልበላችም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ከስክሪኑ አናት ያለውን ቀጭን መስመር ታያለች። ያስፈራት ኪቦርዱ አልነበረም፤ ፊደል ፊደል ነው። ያስፈራት እሱ መስመር ነው። አንዱን ቃል ስትነካው ከሥሩ ሌላ የቃል መዓት ይዘረገፋል፤ ደንግጣ ስትለቀው ተመልሶ ይጠፋል።

በግራ በኩል ቃላት አሉ፤ ፋይል፣ ኤዲት፣ የመሳሰሉት። በቀኝ በኩል ቃል የለም፤ ትናንሽ ሥዕሎች ተደርድረዋል። ሜኑ ማለት የምግብ ቤት ዝርዝር ማለት ነው፣ የምትፈልጊውን መርጠሽ ታዢያለሽ ብዬ ልጀምር አልኩ። ምግብ ቤት ገብታ አታውቅም። ስለዚህ አባባሌን ቀይሬ፣ በግራ ያሉት እስክትጠሪያቸው ድረስ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፣ ሥራ ሰጥተሽ ትልኪያቸዋለሽ፤ በቀኝ ያሉት ግን ጥሪም አይፈልጉም፣ ማሽኑ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ ራሳቸው ያወሩልሻል አልኳት።

«ተላላኪና አሳባቂ በያቸዋ» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መስመሩ ሁለት ሰፈር ሆነ፤ የተላላኪዎች ሰፈርና የአሳባቂዎች ሰፈር። በየምሳ ሰዓቱ አንድ አንዱን እያነሳን ተዋወቅናቸው። ማራገቢያ የመሰለው ኢንተርኔት መኖሩን ያሳብቃል፤ ሲደበዝዝ ሰው ሁሉ እሷ ላይ እንዳይጮህ ቀድማ ታውቃለች። ድምፅ ማጉያው የድምፁን ነገር ያሳብቃል። ዙሪያውን ቀስት የሚዞረው ሰዓት ሥራዋ ሌላ ቦታ ግልባጩ እየተቀመጠ መሆኑን ያሳብቃል። ሁለት ፊደል የተጻፈባት ትንሽ ሳጥን ደግሞ በየትኛው ቋንቋ እየጻፈች እንደሆነ ታሳብቃለች። ይህቺን ሳታውቅ በፊት ሙሉ ደብዳቤ በባዕድ ፊደል ጽፋ፣ ቀና ስትል ገጹን አይታ አልቅሳለች። ካወቀቻት በኋላ ግን ከመቀመጧ በፊት የምታየው እሷን ነው።

አንድ ቀን እየሮጠች መዝገብ ቤት መጣች። ደብዳቤውን ወደ ታች ደብቃ ስክሪኑ ላይ ሌላ መስኮት ብትከፍት የግራው ሰፈር በሙሉ ተለውጧል፤ መጀመሪያ ላይ ያለው ስም ሌላ፣ ተላላኪዎቹም ሌላ ሆነዋል። መስመሩ የሚያገለግለው ፊት ለፊት ያለውን መስኮት ነው፤ ሌላ መስኮት ከፊት ስታመጪ የሱን ቃላት ያወጣል አልኳት።

«እንደ ሥራ አስኪያጁ በይኛ» አለች። «ማን ፊቱ እንደቆመ አይቶ ነው ቃል የሚለውጠው።»

ሳቅን። መዶሻ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው፤ ጥርሷን በእጇ ትሸፍናለች።

ብርቱካናማዋን ነጥብ ያሳየኋት መጨረሻ ላይ ነው። አሳባቂዎቹ ሰፈር ጥግ ላይ አልፎ አልፎ ብቅ የምትል፣ የመርፌ ራስ የምታክል ነጥብ ናት። ይህቺ ስትበራ ማይኩ ክፍት ነው፤ ማሽኑ ጆሮ አለው፤ የሆነ ሰው እየሰማሽ እንደሆነ ቁጠሪው አልኳት። ስክሪኑ ላይ ማንም ባይታይም እንኳ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ስክሪኑ ባዶ ቢሆንም፣ መስኮቱ ሁሉ ቢዘጋም፣ ነጥቧ እስካለች ድረስ አፍሽን ጠብቂ አልኩ። ደግማ አስነገረችኝ። ለእሷ ሁለት ጊዜ የነገርኩት ነገር ይህ ብቻ ነው።

ማታ ማታ እናቷ አልጋ ሥር ተቀምጣ የተማረችውን በቃሏ ትወጣለች። እናትየው ጣሪያ ጣሪያ እያዩ ያዳምጡና፣ ሥዕል ለማወቅ ይህን ያህል ከደከመች ፊደል የቆጠረችው በሰው እጅ ነው ማለት ነው ይሏታል። ይህን ራሷ ነገረችኝ፤ ቅር ያላትም አትመስልም ነበር። ሥራው ቢሄድ እናቷን ተሸክማ የት እንደምትወስዳቸው አታውቅም። እናቷም አያውቁም፤ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም ምላሳቸው የባሰበት።

ሰኞ ሰኞ ስብሰባ አለ። ዋና ዳይሬክተሯ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሆና ቅርንጫፎቹን ሁሉ በስክሪን ታነጋግራለች። ካሜራ ያለው ኮምፒውተር የመዶሻ ብቻ ስለሆነ ስብሰባው የሚካሄደው እሷ የሥራ ክፍል ውስጥ ነው። ሥራ አስኪያጁ ወንበሯ ላይ ይቀመጣል፤ እሷ ቁምሳጥኑ አጠገብ ትቆማለች። ማውሱን ከሱ በቀር ማንም አይነካም። ስለ መስመሩ አንድ ጊዜ ልነግረው ብሞክር ላይ ያሉት ጌጥ ናቸው፣ እንደ መጋረጃ ዘርፍ ቁጠሪያቸው ብሎ አሰናበተኝ።

ተምራ ከጨረሰች በኋላ በመጀመሪያው ሰኞ መዶሻ ትጋቷን ልታሳይ ፈለገች። ፈተናው ደርሷል፤ ሰው ይይልኝ ብላ ነው። ዳይሬክተሯ ንግግር ጀምራለች፤ መዶሻ ከቁምሳጥኑ ጎን እጇን አጣምራ፣ አውቶቡስ ጣቢያ መነሻና መድረሻ እንደሚጠራ ሰው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጀመረች። ኢንተርኔት ሙሉ ነው። ድምፅ ሙሉ ነው። ግልባጭ እየተቀመጠ ነው። ብርቱካናማዋ በርታለች፣ ይሰማሉ። ስክሪኑ ላይ የነበሩት የየቅርንጫፉ ኃላፊዎች እየተሳሳቁ ፊታቸውን ሸፈኑ። ዳይሬክተሯ ንግግሯን አቋርጣ ከየት የመጣ ራዲዮ ነው አለች።

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ደም መሰለ። እስኪያልቅ ጥርሱን ነክሶ ጠበቀ። ሲያልቅ ተነስቶ አጠገቧ ቆመ፤ አልጮኸም።

«ከዛሬ ጀምሮ ሰኞ ከአፍሽ አንድ ቃል ቢወጣ፣» አላት፣ «የእናትሽን አልጋ መድረኩ ላይ ታገኚዋለሽ። ብታስነጥሺም ቢሆን። ገባሽ?»

ገባት። አንዴ የገባት ነገር ከመዶሻ ራስ አይወጣም፤ እንዴት እንደሚያዝ ያስተማርኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

የሚቀጥለው ሰኞ የመዝገብ ቤቱን ሪፖርት እንዳቀርብ ተጠርቼ እኔም ነበርኩ። የንብረት ክፍል ኃላፊውም ነበር። ስብሰባው አለቀ፤ ዳይሬክተሯ ሁሉንም ተሰናበተች። ሥራ አስኪያጁ ለስክሪኑ ጎንበስ አለና ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ቢጫዋን ቁልፍ ተጫነ። ቢጫዋ መስኮቱን ወደ ታች ትደብቀዋለች እንጂ ስብሰባውን አትዘጋውም። እሱ ግን ከዓይን የተሰወረ ነገር ጠፍቷል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ደግነቱ ሁልጊዜ ዳይሬክተሯ ራሷ ስትወጣ ለሁሉም ይዘጋ ስለነበር ስህተቱ ታይቶ አያውቅም። ያን ቀን ግን ከረዳቶቿ ጋር ልትመካከር ክፍት ትታው ነበር። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው።

እኔ በሩን ተደግፌ ሥራ አስኪያጁን ነበር የማየው፤ ስክሪኑ ከጎኔ ዞሮ ስለነበር አይታየኝም። መዶሻ ቦታዋ ላይ ናት፤ ስክሪኑ ፊት ለፊቷ ነው። ሥራ አስኪያጁ ወንበሩን አዙሮ እግሩን ዘረጋና የፈተናውን ነገር አነሳ። ፈተና የሚባል ነገር አይኖርም፣ በማይሆን ነገር ጊዜ አናጥፋ፣ የስንብት ደብዳቤሽን ራስሽ ጽፈሽ አምጪልኝና እፈርምበታለሁ አላት። ክፍሉን ሾፌሩ ይገባበታል። ቀጥሎም ክፍሉ መጀመሪያ በኖራ መቀባት እንዳለበት፣ የእናትየው ሽታ ከግድግዳው እስኪለቅ ድረስ ሙሽራ ሊገባበት እንደማይችል ተናገረ። የንብረት ክፍል ኃላፊው በኖራ ብቻ የሚለቅ ከሆነ ነው አለና ሳቀ።

መዶሻን አየኋት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ዓይኗ ግን ሥራ አስኪያጁ ላይ አልነበረም፤ ከራሱ በላይ አልፎ አንድ ቦታ ላይ ተተክሏል። የከንፈሯ ጥግ ይንቀጠቀጣል። እንባ እያፈነች መሰለኝ። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ።

ያልኩትን ሁሉ አሁን ብጽፈው ዋጋ የለውም፤ ዋናውን ግን ልናገር። ይቺ ሴት ያልጻፈችልህ አንድ ደብዳቤ ፈርመህ ታውቃለህ ወይ አልኩት።

«አለማወቅ የሚያስባርር ከሆነ፣» አልኩት፣ «ከላይ ጀምሩ። ያቺ የምትሰግድላት ዳይሬክተር ስልኳን እንኳ ያለ ጸሐፊ አትከፍትም። መጋዘን ከጋጣ አትለይም። እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጣት የባሏ ስም ነው። እሷ ተቀምጣ ይቺ ትባረራለች?»

ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተነሳ። ቀበቶውን አስተካከለ። ስለ ክብርት ዋና ዳይሬክተራችን እንዲህ አይነገርም፣ እሳቸው ለእኔ ወላጄ ናቸው አለ። ማንም በሌለበት እንኳ ይህን ማለቱ አሳቀኝ። ከልቤ ሳቅሁ።

«ተቀመጥ፤ እዚህ ማን ይሰማሃል?» አልኩት።

«እኔ» አለ ድምፅ ማጉያው። የሴት ድምፅ ነው፤ የተረጋጋ። «ቀጥዪ እንጂ። የባሌን ጨርሺው።»

የንብረት ክፍል ኃላፊው እንዴት ከክፍሉ እንደወጣ አላየሁም። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ወደ በሩ አየ፤ ቀጥሎ ከቁምሳጥኑ ኋላ አየ፤ ሰው ተደብቆ መስሎት ነው። እኔ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብዬ ቀና አልኩ። ብርቱካናማዋ ጥጓ ላይ ቁጭ ብላለች። ዞር ብዬ መዶሻን አየኋት። አሁን ዓይኗ መሬት ላይ ነው።

ዳይሬክተሯ ብዙ አልተናገረችም። እኔ ከነገ ጀምሮ እንዳልመጣ ነገረችኝ። ሥራ አስኪያጁን፣ ሰው በሌለበትም አክባሪ እንደሆነ ስለሰማች አመሰገነችው። ስለ እናትየው ሽታና ስለ ኖራው የተባለውንም ሰምታለች፤ ስለሱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ከዚያ ቁምሳጥኑ አጠገብ የምትታየው ሴት ማን እንደሆነች ጠየቀች። ሥራ አስኪያጁ ጸሐፊዋ እንደሆነች፣ ልትሰናበት እንደነበር አስረዳ።

«ይህ ሁሉ ሲባል እሷ ምን አለች?»

«ምንም አላለችም ክብርት።»

«እንግዲያው ትቆይ» አለች ዳይሬክተሯ። «አፏን መዝጋት የምትችል ሰው ለእኔ ብርቅ ናት።»

መዶሻ በዚሁ ምክንያት ቀረች። ክፍሏም ቀረችላት። እኔ መዝገብ ቤቱ ውስጥ ያለኝን ኩባያና ሹራብ በፌስታል ይዤ በመድረኩ ሥር አልፌ ወጣሁ። ሥራ አስኪያጁ ሰላምታ ነፍጎኝ ይቅር፤ ቁልፉን የተቀበለኝ ዘበኛ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም።

እህቴ ቤት ገባሁ። ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ከልጆቿ ጋር ወለል ላይ እተኛለሁ። ለሥራ ያመለከትኩበት ሁሉ ከቀድሞ መሥሪያ ቤትሽ ማስረጃ አምጪ ይለኛል። ከዚያ መሥሪያ ቤት ስለ እኔ የሚወጣው ማስረጃ ምን እንደሚመስል ደግሞ ታውቁታላችሁ። እህቴ ክፉ አይደለችም። ግን ሳህን ስታነሳ ድምፁ ይሰማኝ ጀምሯል።

ታዲያ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ በሩ ተንኳኳ። መዶሻ ናት። ሙዝ በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛለች። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች የመታወቂያዋ ማንጠልጠያ አንገቷ ላይ ነው። ግቢ አልኳት። የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ስለ እናቷ ጠየቅኋት፤ ደህና ናቸው፣ ይሳደባሉ አለችኝ። ከዚያ እጇን እያየች ተናገረች።

«አይቻት ነበር» አለች። «ነጥቧን። ስለ እናቴ ሲያወራ በርታ ነበር።»

የተናገረችው ወዲያው አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት ልቅሶ አልነበረም። ደስ ብሏት ነበር። ይናገር፣ ሁሉንም ይናገር፣ ይስሙት ብላ ነው ዝም ያለችው። ይህንም ሳትደብቅ ነገረችኝ።

«እሺ እሱ ይናገር» አልኳት። «እኔ አፌን ስከፍትስ እትዬ? ጉሮሮሽን ብትጠርጊ ምን ነበረበት? እግሬን ብትረግጪኝ?»

«ሰኞ ነበራ» አለች።

ስታሾፍ አልነበረም፤ ሰበብም አልመሰለኝም። ዝናብ ነበር እንደምትል ሰው ነው ያለችው። ከኋላው የእናቷ አልጋ እንዳለ፣ መድረኩ እንዳለ፣ አበጥ ያለው ፍራሽ እንዳለ አላጣሁትም። ሁሉም ገባኝ። መግባቱ ግን አላበረደኝም። እኔ ለእሷ የከፈትኩትን አፍ እሷ ለእኔ ለአንዲት ሳል አልከፈተችውም፤ በዚያ ላይ የምታየውን እንድታይ ያደረግኋት እኔ ነኝ። ጠላኋት። እስካሁን ድረስ አልለቀቀኝም።

ይቅርታ ትጠይቃለች ብዬ ጠበቅሁ። ቦርሳዋን ከፈተችና ከደብዳቤ ጥግ የተቀደደች ብጣሽ ወረቀት አወጣች።

«አሳባቂዎቹ ሰፈር አዲስ ሰው መጥቷል» አለች። «ማን እንደሆነ የምጠይቀው ሰው አጣሁ።»

በእርሳስ ሥላዋለች። ሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን የተጣበቁ ይመስላል። ባለሙያው ባለፈው ሳምንት መጥቶ፣ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተንሾካሹኮ፣ ማሽኗ ላይ ትንሽ ተቀምጦ ከሄደ ወዲህ ከላይ መስመሩ ላይ ነው፤ አንዳንዴ ይጠቁራል፣ አንዳንዴ ይደበዝዛል አለችኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ሁልጊዜ እንደሚጠቁር አስተውላለች። ምሳ ሰዓት ላይ ምን እንደምትሠራም ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ሾፌሩ አሁንም ክፍሏን ይፈልጋል፤ ሥራ አስኪያጁ አንዲት ጥፋት እየጠበቀ ነው፤ እሷም በሩን ዘግታ በኢንተርኔት የሌሎች ድርጅቶችን የሥራ ማስታወቂያ ታያለች።

«ለአንቺም ጭምር ነው የማየው» አለች።

ሥዕሉ የሩቅ መነጽር ነው። አንድ ሰው ሌላ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ያንተን ስክሪን እያየ መሆኑን የሚናገር ምልክት ነው። ሲጠቁር እያየህ ነው፤ ሲደበዝዝ ተነስቶ ሄዷል። ባየሁት ቅጽበት አወቅኩት። እሷም ማወቄን ከፊቴ አነበበች መሰለኝ፤ ወደ እኔ ጠጋ አለችና እንደ ድሮው፣ እንደ ምሳ ሰዓታችን፣ መዳፏን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

ወረቀቱን መልሼ ሰጠኋት።

«ዛሬ ምን ቀን ነው እትዬ?» አልኳት።

«ሰኞ» አለች።

ሌላ አልተናገርኩም። መጀመሪያ አልገባትም፤ አፌን አፌን ታያለች። ከዚያ ገባት። ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ቀሚሷን አራገፈች፤ ተነሳች። በሩን ከፈትኩላት። ደረጃው ጨለም ስላለ ግድግዳውን እየዳሰሰች ወረደች። ለእማማ ሰላምታ አቅርቢልኝ አልኳት ከላይ ሆኜ። እሺ አለች።

የእህቴ ልጆች ከጨዋታ ሲመለሱ ጋዜጣው ውስጥ ምን አለ ብለው ጠየቁኝ። ምንም የለም አልኳቸው። ሙዙን ወጥ ቤት ወስጄ፣ ቆሜ፣ ብቻዬን በላሁት።